ላልመጣ ኳስ ዓምድ የለም

በከሚሴ የቅርጫት ኳስ ታሪክ በሁለት ዘመን ይከፈላል፤ ከቅጽ ቁጥር ሦስት በፊትና ከቅጽ ቁጥር ሦስት በኋላ። በፊተኛው የጨለማ ዘመን ሕዝቡ ጨዋታን የሚያየው በዓይኑ ነበር። ጥሩ ተጫዋች ሲያይ «ማሻ አላህ» ይላል፣ መጥፎ ሲያይ ይስቃል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ያበቃው በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ጸሐፊው ሙህዲን ደሴ ላይ የአሥራ ሁለት ቀን ሴሚናር ተካፍሎ በተመለሰበት ማክሰኞ ነው።

ሙህዲን የአንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። የጽሕፈት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ወንበሮቹ ግን ያው ናቸው። ሙህዲን አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ማንም አይክደውም፤ የሙህዲን መዝገብ ስርዝ ድልዝ አያውቅም። የወረዳውን ከብት ሲቆጥር አንዲት ጥጃ እንኳ አላመለጠችውም ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ከሴሚናር ባዶ እጁን አይመለስም። አንድ ማስመሪያ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና «ያልተቆጠረ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» የሚል መመሪያ ይዞ መጣ።

የጽሕፈት ቤቱ ሊቀ መንበር ጓድ ቃሲም ጊዜ ሳያጠፉ ኃላፊነት ሰጡት። ከከተማው የወጣቶች ቡድን አንድ ተከላካይ ተመርጦ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይላካል፤ የተላከው ልጅ ደሴ በአዳሪነት እየተማረ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል። በቀድሞው ዘመን ቢሆን አሰልጣኙ ዘይኑ «ጀይሉ ነው» ይልና ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የጀይሉ እናት ረቢአም ይህንኑ ተማምና ከሰንበቴ ገበያ የብረት ሳጥንና ብርድ ልብስ ገዝታ አስቀምጣለች። ጓድ ቃሲም ግን ምርጫው «ከግለሰብ ስሜት የጸዳና በአኃዝ የተደገፈ» እንዲሆን አዘዙ።

ሙህዲን ሦስት ቀን ቢሮውን ዘግቶ ቅጽ ቁጥር ሦስትን አዘጋጀ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው «የተነጠቀ ኳስ» ይላል። ሁለተኛው «የከሸፈ ውርወራ» ይላል። ሦስተኛው የሙህዲን የራሱ ፈጠራ ስለነበር በቀይ ተሰምሯል፤ «አልፎ የሄደ ባላጋራን ከኋላ ያባረረበት ብዛት» ይላል። ለማባረር መጀመሪያ መታለፍ እንደሚያስፈልግ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ቆጠራ ከባቲ ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ተካሄደ። ኳሱ ለብዕር ስለሚፈጥን ሙህዲን የሚቆጥረው በሙስበሃ፣ በጸሎት መቁጠሪያ ዶቃ ነበር። የአባቱን ሙስበሃ በቀኝ ኪሱ ከትቶ ሙሐመድዘይን የሚባለውን ተከላካይ ይቆጥርበታል፣ የአጎቱን በግራ ኪሱ ይዞ ጀይሉን። ጓድ ቃሲም ጸሐፊው በሥራ ሰዓት ዚክር የሚያደርግ መስሏቸው ገላመጡት። ስታቲስቲክስ መሆኑ ሲነገራቸው ግን ደስ አላቸው።

የባቲው ረጅም ልጅ ኳሱን እያነጠረ ወደ ጀይሉ ይመጣል። ጀይሉ ጉልበቱን ሸብረክ፣ ክንዱን ዘርጋ አድርጎ ይጠብቀዋል። ልጁ አየት ያደርገውና ይዞራል። ከእረፍት በኋላማ የባቲ ልጆች በጀይሉ በኩል ሜዳ መኖሩንም ረሱት። ኳሱ ሁሉ በሙሐመድዘይን በኩል ሄደ። ሙሐመድዘይን ቸር ልጅ ነው፤ ሦስቱን አሳልፎ በሩጫ ይከተላቸውና አራተኛውን ይነጥቃል። ከሚሴ ሃያ ስምንት ለአሥራ ዘጠኝ አሸነፈ። የሙህዲን ቀኝ ኪስ ሠላሳ አንድ ቆጥሮ ወጣ፤ የግራው ሙስበሃ ግን አንዲት ፍሬ ሳይንቀሳቀስ ቀረ።

አሰልጣኙ ውጤቱን ሲሰማ ቢሮ ድረስ መጣ።

«ማሎ ሙህዲኔ» ሲል ለመነው፣ «ልጁ እዚያ ስለቆመ እኮ ነው ያልመጡት።»

ሙህዲን አልተቆጣም። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማስመሪያውን አቀበለው። «እሺ። ያልመጣ ኳስ በየትኛው ዓምድ ይገባል?»

ዘይኑ ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈለገ፤ እውነትም ዓምድ የለውም። ማስመሪያውን መልሶ ወጣ።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ቃሲም፣ ሰፊው ሕዝብ በየሥራ መስኩ በሚረባረብበት በዚህ ወሳኝ ወቅት ክንድ ዘርግቶ ከመቆም በስተቀር አንድም ተጨባጭ ውጤት ያላስመዘገቡ ተከላካዮች መከሰታቸውን ለሃያ አምስት ደቂቃ አብራሩ። ከዚያ ጀይሉ ተነስቶ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም።

«ኳሱ ወደ እኔ አይመጣም» አለ።

«ለምን እንዲመጣ አታደርግም?» አሉ ጓድ ቃሲም።

ጀይሉ አሰበ፤ ከልቡ ለመመለስ ፈልጎ ነበር። «ከመጣማ ሊያገቡብን ነው፣ ጓድ።»

ጓድ ቃሲም ወደ ሙህዲን ዞሩ። «ጻፍ። ጥፋቱን አምኗል፤ የመሻሻል ፍላጎት ግን አላሳየም።»

ሙህዲን ጻፈ። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ረቢአም ጎረቤቱ ናት። ሲጽፍ አፈረ። ቃለ ጉባኤው ግን እንደ ሁልጊዜው ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነበር።

ሙሐመድዘይን ደሴ ገባ። ጀይሉ ከከተማው ቡድንም ተሰናበተ፣ ረቢአም ሳጥኑን የማሽላ ዱቄት ማስቀመጫ አደረገችው። የቀሩት ልጆች የቅጹ ምሥጢር ቶሎ ገባቸው። በመልሱ ጨዋታ ባላጋራን በትሕትና እያሳለፉ በትጋት አባረሩ። ባቲ ሰባ አንድ ለሃያ አራት አሸነፈ። ሙህዲን ያን ማታ ባዘጋጀው ሪፖርት የመከላከል ተግባር በሦስት መቶ አርባ በመቶ ማደጉን ገለጸ፤ የጨዋታው ውጤት በአባሪ ተያይዟል። አባሪውን ያነበበ አልነበረም።

ከደሴ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ቅጽ ቁጥር ሦስት ለማንኛውም ሥራ እንደየባሕርይው ተስተካክሎ በመላው አካባቢ እንዲሠራበት ተወሰነ፣ ፈልሳፊውም ለደሴ ቢሮ እንደታጨ ተወራ። ሙህዲን አዲስ ሸሚዝ አሰፋ፤ እስከ አንገቱ ቆለፈው።

በመጋቢት ተቆጣጣሪዋ ጓድ አስያ ጸሐፊዎችን ለመመዘን ከደሴ መጡ። ለጸሐፊዎች የተስተካከለውን ቅጽ አወጡ፤ ዓምዱ በቀይ ተሰምሯል።

«ጓድ ሙህዲን፣ በዚህ ዓመት ስንት ስህተት አረሙ?»

«ስህተት አልሠራሁም» አለ ሙህዲን በኩራት።

«ዜሮ» ብለው ጻፉ ጓድ አስያ። «የባቲው ጸሐፊ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አርሟል።»

«ስህተቱን የሠራው እኮ ራሱ ነው!»

ጓድ አስያ ቅጹን አገላብጠው አዩ። ሰው ለመበደል የመጡ ሴት አልነበሩም፤ በደንብ ነው የፈለጉት። «ማን ሠራው የሚል ዓምድ የለውም» አሉ።

የባቲው ጸሐፊ ወደ ደሴ አለፈ። ሙህዲን «ለጊዜው ከምርታማ ሠራተኞች ጋር ልምድ እንዲለዋወጥ» ከከተማው በላይ ባለው ተረተር የእርከን ሥራ ላይ ተመደበ። እዚያ ሲደርስ ደብተር ይዞ የጠበቀው መዝጋቢ ጀይሉ ነበር። አሥረኛን በመጨረሱ የተሰጠው ሥራ ይኸው ነው።

ሙህዲን ድንጋይም ቢሆን እንደ መዝገብ ነው የሚይዘው። እየመረጠ፣ እያገላበጠ፣ እያስተካከለ ካበ። በሳምንቱ መጨረሻ የሌሎቹ ካብ እየተናደ እንደገና ሲሠራ የእሱ ንቅንቅ አላለም። ጀይሉ ሊመዘግብ መጣ። ሙህዲን ዙሪያውን አየና ቀስ ብሎ፣

«ጀይሉ፣ ያን ጊዜ በደልኩህ። አፉ በለኝ» አለው።

«አፉ ብያለሁ ጋሼ። እናቴም ብላለች፣ አብሽሩ።» ጀይሉ ይህን ብሎ ቅጹን ገለጠና ጨነቀው። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ "ወድቆ እንደገና የተካበ ድንጋይ" ይላል። የሌላው ሰው ሠላሳም አርባም ደርሷል። የአንቱ አንድም አልወደቀ። ዜሮ ከጻፍኩ ደግሞ ራሽን ያስቀሩብዎታል።» እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እንደገና አወረደው። «ቅጹን ያወጡት አንቱ ኖት፤ ያልወደቀ ድንጋይ በየትኛው ዓምድ ልጻፍልዎ?»

ሙህዲን ቅጹን አላየውም፤ በቃሉ ያውቀዋል። ወደ ካቡ ዞረ። ከዚያ ከሁሉ አሳምሮ ያስቀመጠውን የዳር ድንጋይ በእግሩ ገፋው። ድንጋዩ እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደ፣ ሙህዲንም ሊያመጣው ተከትሎ ወረደ።

ጀይሉ «አንድ» ብሎ ጻፈ።