ሽማግሌዎቹን በዲያሌክቲክ የሸኘሁ ዕለት

ወገኖቼ፣ ይሄን ጉድ ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ! (እሺ፣ ትንሽ ሳቁ።)

ዛሬ የልጅ ልጄ «እማማ፣ ዲያሌክቲክ ምንድን ነው?» ብትለኝ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ በርበሬ መሰለ። ለምን? ስሙኝማ።

ስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ። ለክረምት ፍኖተ ሰላም ቤታችን ስገባ፣ አንድ የቡሬ ነጋዴ ለልጁ ሊያጨኝ ሽማግሌ ልኮ ጠበቀኝ።

ካገባሁ ትምህርት ቀረ!

እኔ ግን መች ፈራሁ? የፍልስፍና ኮርስ ወስጃለኋ! መምህራችን እንዳስረዱን ዲያሌክቲክ ጭቅጭቅ አይደለም። ሁለት ወገን እውነትን ፍለጋ በምክንያት ይነጋገራል። ቴሲስ ሐሳቡ፣ አንቲቴሲስ ተቃራኒው፣ ሲንቴሲስ ደግሞ ከሁለቱ የሚወለደው። ዋናው ሕግ ደግሞ የተቃራኒህን ሐሳብ ከእሱ በላይ አሳምረህ አቅርብ የሚል ነው።

ይቺ ሕግ ናት ጉድ የሠራችኝ።

«አባባ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልበል» አልኩ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት። አባቴ ሙግት ነፍሳቸው ነው። «በይ እስቲ» አሉኝ።

በመማር ጥቅም ጀመርኩ። አሪፍ ሄደ! ከዚያ ወደ አንቲቴሲስ ዞርኩ። የልጁ ጨዋነት፣ የቤተሰቡ ደግነት፣ የአባቴ ዕድሜ መግፋት፣ የልጅ ልጅ ሳያዩ ቢቀሩስ...

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

አባቴም «እውነትሽን ነው ልጄ! በቃ ድሬሻለሁ!» አሉ።

ምን?! ገና ሲንቴሲስ አልደረስኩም እኮ!

«የለም አባባ፣ አሁን ደግሞ ይሄን ላፍርሰው» ብዬ የራሴን ንግግር አንድ በአንድ ናድኩት። ከዚያ የናድኩትን ትንሽ መልሼ ካብኩት። (ፌር ለመሆን!)

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ጌታው፣ ከሳሽም እሷ፣ ተከሳሽም እሷ! የኛ ልጅ ምን ሊሆን ነው? ምስክር?»

ወጥተው ሄዱ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቡሬ ገባ። ለካ እኔ «ብቻዋን የምትሟገተው» ተብዬላችኋለሁ!

አባቴ እንባቸው እስኪፈስ ስቀው፣ በመስከረም አዲስ አበባ መለሱኝ። «ሂጂ፣ የሚችልሽን ሰው እዚያው ፈልጊ!»

አሸነፍኩ፣ አይደል?

ችግሩ፣ ከመሄዴ በፊት ገበያ መሃል ያንን የነጋዴውን ልጅ ሰዎች አሳዩኝ። ቁመናው! አንገቱን ሰበር አድርጎ «ትምህርቱ ይቅናሽ» ብሎኝ አለፈ። ስለ ጨዋነቱ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር!

እስቲ ፍረዱኝ፤ ራሱን ተሟግቶ የረታ ሰው ይግባኝ የሚለው ለማን ነው?