የአረፋው ሰንጋና የዘሃራ ሰንጢ

ወንድ ልጅ ብዙ ነገር ይችላል። የሠራኸው ቤት ጠሟል ቢሉት ይችላል፤ ልጅህ ትምህርት አይገባውም ቢሉት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ራሰ በራ ሆነሃል ቢሉት እንኳ ስቆ ያልፋል። እስቲ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ሰንጢ «ይቺማ አትቆርጥም» በሉትና እዩት። የአንገቱ ደም ሥር ይገተራል። ብረቷን እሱ አላቀለጣት፣ እጀታዋን እሱ አልጠረባት፤ ግን አባቱን የሰደባችሁበት ያህል ይንጨረጨራል። ምን ሆኖ ነው? ብትጠይቁኝ እኔም መልሱን አላውቅም። የማውቀው እኔም ከእነዚህ ወንዶች አንዱ መሆኔን ነው፤ ይህንንም ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ፣ ዘንድሮ በአረፋ ነው።

በእኛ በከሚሴ ነገሩ ይብሳል። ሳዑዲ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። ከዚያ ሽቶ ይመጣል፣ ብርድ ልብስ ይመጣል፣ ቴምር ይመጣል፤ በሻንጣው ጥግ ደግሞ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ አንዲት ሰንጢ ትመጣለች። መጥታ የምትሠራው ማንጎ መላጥና ካርቶን መቅደድ ነው። ባለቤቷ ግን እንደ ሙሽራ ዘሯን ይቆጥርላታል፤ የኔዋ ጀርመን ናት፣ የኔዋ ጃፓን ናት ይላል። ፓስፖርቷን ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የኔዋ ስዊዝ ናት። ቢያንስ ዘሃራ እንደዚያ ብላኛለች። ዘሃራ ታናሽ እህቴ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ሰንጢዋ እጀታዋ ቀይ፣ ስትታጠፍ ጣት የማትሞላ ነገር ናት። ሻጩ ኦሪጅናል ናት ብሎ በአላህ ምሎላታል፤ ዘሃራ ግን ካለ መጠን በመማሉ ጥርጣሬ ገባት። እና በደወለች ቁጥር «ልጆቹ ደህና ናቸው? ሐዋ ደህና ናት?» ካለች በኋላ ቀጥላ «ሰንጢዋስ ትቆርጣለች? ያታለሉኝ ይመስለኛል እኮ ወንድምዬ» ትለኛለች። ሐዋ ባለቤቴ ናት፤ ከሰንጢ በፊት በመጠራቷ ሁልጊዜ ታመሰግናለች።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። አምና እናታችን ሞተች። ዘሃራ መምጣት አልቻለችም፤ ወረቀቷ ያለው በአሠሪዋ እጅ ነው፣ ከወጣች መመለስ የለም። የእናቷን ቀብር ወጥ ቤት ቆማ፣ ድምጿን በፎጣ አፍና አልቅሳ ነው ያሳለፈችው። ዘንድሮ አረፋ ሲቃረብ፣ ከሰንጋው አንድ ድርሻ በእናታችን ስም ይግባልኝ አለች። እኛ ጋ ለአረፋ ሰባት ሆነን አንድ ሰንጋ እንገባለን፤ አራጁ ካራውን ከማሳረፉ በፊት የባለድርሻዎቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ዘሃራ የፈለገችው ይህንን ነው። «ሥጋውንማ እናንተ ብሉት፣ ለድሃም ስጡት። እኔ ስሟ ሲጠራ ብቻ ልስማ። እመቤቴ ጠዋት ዒድ ልትጠይቅ ስትወጣ ትንሽ ፋታ አለኝ፤ በቪዲዮ አሳየኝ» አለችኝ።

አብሽሪ አልኳት። ምን ጣጣ አለው? ሰንጋው አለ፣ ስልኩ አለ፣ ስሟ አለ። አብሽሪ!

ሰንጋውን ከጨፋ ሮቢት ገበያ ነበር የገዛነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሰፋ ያለ፣ ሰው ሲቀርበው አይኑን የማያርገበግብ ቦራ። የዒድ ሶላት ሰግደን ስንመለስ በሐጂ ኡመር ግቢ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር ታስሮ ያመነዥካል። ሐጂ ኡመር የሰፈራችን አራጅ ናቸው። ካራቸውን ዋዜማውን ከቤት ጀርባ ይሞርዱና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይይዙታል፤ ከብት ካራ አይቶ መደንገጥ የለበትም፣ ሃይማኖቱም አይፈቅድም ይላሉ። የዚያን ቀንም ገና በሩ ላይ ተቀብለው አስጠነቀቁን። በዚህ ግቢ ስለት የሚባል ነገር ከመጨረሻዋ ደቂቃ በፊት አይወጣም አሉ። አሜን አልን።

ሐዋ ስልኩን ይዛ ቆመች። ዘሃራ ከጅዳ ወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ድስት ይንተከተካል። ሐጂን በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ አባ» ብላ እንዴት አደሩ አለቻቸው፤ እሳቸውም በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ረጅም ዱዓ አወረዱላት። ሰንጋውን አሳየናት። «ማሻአላህ፣ እማዬ ብታየው!» አለችና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሁሉ ነገር ተሟልቷል፤ የቀረው ሰባተኛው ባለድርሻችን ብቻ ነው። ሰውየው ከሶላት ሲመለስ ያገኘውን ሁሉ ዒድ ሙባረክ የሚል፣ መንገድ የማያልቅለት ሰው ነው። እሱ ካልደረሰ ደግሞ አይታረድም። ስለዚህ በሩን ከፍተን ጠበቅነው።

ሥራ ፈትተው የቆሙ ወንዶችን አላህ ይጠብቃቸው። መጀመሪያ ሰይድ ነው የጀመረው። ሰይድ ባጃጅ ይነዳል፤ ከኪሱ አንድ ቻይና ሰራሽ ነገር አወጣ። ባትሪ አለው፣ ማበጠሪያ አለው፣ ጠርሙስ ይከፍታል፣ ፊሽካም ይነፋል። ስለቱ ግን ሎሚ ላይ ያረፈ እንደሆነ ሎሚውን ያሻሸዋል እንጂ አይገባበትም። ከማል ይህን አይቶ መቻል አቃተው። ከማል የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ወገቡ ላይ የአጋዘን ቀንድ እጀታ ያለው ጀርመን የአደን ቢላ ታጥቆ ይዞራል። በሕይወቱ ያደነው ነገር ቢኖር ርካሽ የሱቅ ኪራይ ነው። ቢላውን ከአፎቱ መዘዘና የክንዱን ፀጉር ላጨበት። ከዚያ ወረቀት ሰነጠቀበት። ከዚያ ብረቱን በጥፍሩ ቀጭ አድርጎ ድምፁን ስሙ አለን፤ እኛም እንደ ባለሙያ ጆሯችንን ሰጠን።

ሐጂ ኡመር ተቆጡ። «ኧረ በአላህ፣ ከከብቱ ፊት ዞር በሉ!» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ዞር ብንል ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። ሰይድ ግን ምላሱ አያርፍም፤ ሐጂ የተቆጡት ካራቸውን ከእነዚህ ጋር ማወዳደር አፍረው ነው፣ እሱ እኮ ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው አለ። አቤት! ያ ሁሉ ምክር በአንዴ ጠፋ። ሐጂ ጨርቁን ፈተው ካራቸውን ብልጭ አደረጉት። ባሌስትራ ስንቱን ኩንታል ተሸክሞ የኖረ ብረት ነው፣ የእናንተ ጀርመን ምን ተሸክሞ ያውቃል ብለው ጠየቁ። 

እኔ ዝም ብዬ ነበር። ወላሂ ዝም ብዬ ነበር! የዚያን ቀን ሐሳቤ ስልኩ ላይ ነው። ዘሃራ ድስቷን እያማሰለች «ገና ነው?» ትላለች፤ ሐዋ «አሁን፣ አሁን» ትላታለች። በዚህ መሃል ከማል ወደ እኔ ዞረና፣ ያቺ የጅዳዋ የታለች አለኝ። አወጣኋት። መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላበጣት፤ ከዚያም በዚያ በገበያ ድምፁ፣ ይቺ እኮ የጥፍር መቁረጫ ናት፣ እህትህን አታልለዋታል አለ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሰባት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ዘሃራ ስልኩ ውስጥ አለች። ሰምታ ይሆን? ፊቷን ለማየት አፈርኩ። ሰው ቤት ለፍታ የገዛችውን ነገር፣ በዓል ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት! ምን ታደርጉ ነበር? እናንተስ ብትሆኑ?

ከማል ፀጉርና ወረቀት የልጅ ፈተና ነው፣ የስለት ልኩ ገመድ ነው አለ። ይሁን አልኩ። ኒሟ ሥር የሰንጋውን እግር የምናስርበት ትርፍ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከከማል ፊት ሳልነቅል አንዱን ገመድ አፈፍ አደረግኩና ሰንጢዋን አንድ ጊዜ ሳብ አደረግኳት። ገመዱ ለሁለት ሄደ። ከማል፣ ራሱ ከማል፣ ማሻአላህ አለ። ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን የመሰለ ክብር ከሠርጌ ቀን ወዲህ አላገኘሁም። የቆየው ግን ሰንጋው አንድ እግሩን እስኪያነሳ ድረስ ነበር።

የቆረጥኩት እሱ የታሰረበትን ነው።

አሁን በሰንጋው ቦታ ሁኑና ፍረዱ። ከፊታችሁ አራት ሰዎች ስለት መዘው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ መጥቶ ገመዳችሁን በእጁ ቆርጦ ለቀቃችሁ። ትቆማላችሁ? እሱም አልቆመም። በተከፈተው በር ሲወጣ ሰባተኛው ባለድርሻችን ዒድ ሙባረክ እያለ ሲገባ ተገናኙ፤ ሰውየው ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ ነው የተረፈው። ሰንጋው አስፋልቱን አቋረጠ። ከደሴ የሚመጡ ሚኒባሶች ቆሙ። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሁሉ ጀለቢያውን ሰብስቦ «ቀባ! ቀባ!» እያለ፣ ያዙት ማለቱ ነው፣ መንገድ ይለቅለታል እንጂ የሚይዘው የለም። እኛ በሰይድ ባጃጅ ተከተልነው። ሐጂ ከኋላ ካራቸውን እንደመዘዙ ተቀምጠዋል። ትራፊክ አስቆመን፣ ካራውን አየ፣ ዒድ ሙባረክ ብሎ አሳለፈን። በአረፋ ቀን ካራ የያዘ ሰው ምን ይጠየቃል?

በጨፋ ሜዳ ማሽላው ገና ከጉልበት አልዘለለም፤ ሰንጋ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረም። ግን በቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ጭቃ ባጃጅ አያስገባም። እያጠያየቅን ስንዞር ውለን ያገኘነው ዙሁር ከተሰገደ በኋላ ነው። የት? ሮቢት ሳይደረስ፣ በሸጠልን ገበሬ ደጅ፣ ከገንዳ ውኃ እየጠጣ። የገበሬው ሚስት ጀርባውን እያሻሸች፣ ዒድ ሊጠይቀን መጣ አለችን። አልሳቅንም።

በዚህ ሁሉ መሃል ስልኩ ምን ሆነ? ሐዋ በኋላ ነገረችኝ። ልክ እኔ ጎንበስ ስል ኔትወርኩ ደረቀ። ግቢው ሲተራመስ ጅዳ ላይ ሰንጋው እንደቆመ ነው፤ ዘሃራም «ወይኔ፣ እንዴት ያለ ረጋ ያለ ሰንጋ ነው!» ትል ነበር አሉ። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። እንደገና ስትገባ ግቢው ባዶ ነው። ሐዋ ጨነቃትና አሁን ይመጣሉ አለቻት። ዘሃራ ድስቱ አሮባት እስኪሸት ድረስ ጠበቀች። በመጨረሻ የእመቤቷን መኪና ድምፅ ሰማችና «መጡ፣ መጡ» ብላ ዘጋች።

ወደ ሐጂ ግቢ መልሰነው አስር ሰዓት ላይ ታረደ። ሐጂ ካራቸውን እንደገና በጨርቅ ጠቅልለው፣ ማንንም ሳያናግሩ ወደ ኒሟ ሄዱ። ስም መጥራት ጀመሩ። የእናታችን ተራ ሲደርስ ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ለዘሃራ ብለው ይመስለኛል። «ከድጃ!» አሉ፣ ሜዳው እስኪሰማ። እኔ ስልኩን አንስቼ ልቀርጽ ስል ጠቆረ፤ ሐዋ ቀኑን ሙሉ ለዘሃራ ስትደውል ባትሪው አልቋል። ሥራዬን አልነገርኳችሁም እንዴ? የምሸጠው ቻርጀር ነው። ከሰይድ ስልክ ልዋስ ብዬ ዘወር ስል ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ጨርሰዋል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰዎቹ ለእናቴ መሰላቸው፤ በግማሽ ልክ ነበሩ።

ከመግሪብ በኋላ ዘሃራ ደወለች፣ በሹክሹክታ። ኔትወርክ ነው አልኳት፤ አገሩ ሁሉ ለጥፋቱ የሚያላክከው እሱ ላይ አይደል? ስሟ ተጠራ ወይ አለችኝ። ተጠርቷል፣ ያውም ጮክ ብሎ አልኳት። ሐጂ እንደጠሩት አድርጌ በራሴ ድምፅ «ከድጃ!» ብዬ አሰማኋት። የእኔ ድምፅ የሐጂን አይሆንም።  ዘሃራ እንድትቆጣኝ፣ እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጣችም።

ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ከማል ሲስቅ ሰምቼው ነበር ወንድምዬ። እውነቱን ንገረኝ፣ ሰንጢዋ አሳፈረችህ?» አለችኝ።

በዚያ ቀን ሳልዋሽ ልመልሰው የምችለው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። ወላሂ አላሳፈረችኝም፣ ወፍራም ገመድ በአንድ ጊዜ ለሁለት አደረገችው፣ ከማል ራሱ ማሻአላህ ብሏል አልኳት። ዘሃራ ሳቀች። ከእናታችን ሞት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «ኦሪጅናል ከሆነችማ፣ ለመጪው አረፋ ትልቋን ነው የምልክልህ።»