የትራጄዲ ትርጉሜ መርዶ ሆኖ አደረ

ዛሬ ጠዋት ግቢ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ «የገደልኩት እኔ ነኝ!» ብያለሁ።

ቆይ፣ ፖሊስ እንዳትጠሩ! መጀመሪያ እስከ ታች አንብቡልኝ።

አንድ የጥንት ግሪክ ፈላስፋ ስለ ትራጄዲ የጻፈውን ሥራ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ። (ቢያንስ ሦስታችሁ ታውቃላችሁ።) ማንም አላዘዘኝም። ግሪክኛም አልችልም፤ የምተረጉመው ከእንግሊዝኛ ነው፣ እሱንም ያስተማረኝ መዝገበ ቃላት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሳምንት ይፈጅብኛል። እኔ በምኖርበት በመካነ ሰላም ከተማ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሌላ ነገር የመንገዱ ሥራ ብቻ ነው።

የፈላስፋው ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የሚወድቀው ሰው ክፉ መሆን የለበትም። ደግ ሰው ነው፤ በአንዲት ስሕተት ይወድቃል። ያን ጊዜ ሰሚው ያዝንለታል፣ «በእኔም ቢደርስስ?» ብሎም ይፈራል።

ምሳሌዎቹ ግን የሩቅ አገር ነገሥታት ናቸው። የእኛ ሰው በነሱ ያለቅሳል? ተጠራጠርኩ። ስለዚህ በግርጌ ማስታወሻ የራሴን ምሳሌ ጨመርኩ።

አንድ ደግ ገበሬ። አቀስታ አካባቢ የሚኖር። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። ሰው «ተው» ሲለው «በቅሎዬ ወንዙን ታውቀዋለች» ብሎ ገባ። አልወጣም።

ዝርዝር ካልተሟላ የማያስችለኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሰውየው በግራ እግሩ ትንሽ ያነክሳል አልኩ። በቅሎዋ ዳማ ናት። መካነ ሰላም ውስጥ አንዲት እህት አለችው።

ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሁት? ከቤት አከራዬ ከእትዬ በላይነሽ ወንድም ነዋ! ጋሽ መላኩ ይባላሉ። በመጡ ቁጥር ለእኔም በሶ ይዘው የሚመጡ ደግ ሰው ናቸው። ሰው ሲጽፍ ከሚያውቀው ይነሣል አይደል እንዴ?

ለገበሬው ስም ብቻ ገና አልመረጥኩም ነበር።

ትናንት ከሰዓት ምሳሌውን ልሞክር ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ጋሽ ሰይድ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፌ የሰሙት «ቁልፍ ይተኩልኝ» የሚል ብቻ ነው። ድንገት ቁጭ ብዬ የሰው ሞት ስተርክላቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

ስጨርስ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ኢና ሊላሂ! ሰውየው ማነው?» አሉኝ።

«ስሙ ለጊዜው ይቆየን» አልኩ። አልወሰንኩማ!

«እህቱ ሰምታለች?»

«ኧረ አልሰማችም። እሷ የምትሰማው መጨረሻ ላይ ነው።» በድርሰቱ ማለቴ ነው!

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረግህ። እንዲህ ነው የሚደረግ» አሉኝ። ያመሰገኑት አጻጻፌን መስሎኝ እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ። ኅዳጉ ላይ «ሠርቷል!» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም!

በእኛ አገር መርዶ ለባለቤቱ እንዲሁ አይነገርም። ስም ይደበቃል፣ ጎረቤት በሹክሹክታ ይጠራራል፣ ሲነጋ ሽማግሌ ተይዞ ይመጣል። ጋሽ ሰይድ የሚያነክስ ሰው፣ ዳማ በቅሎ፣ እዚህ ያለች እህት ሲሰሙ ስሙን እኔ እስክነግራቸው አልጠበቁም። ለማጣራት ጋሽ መላኩ ጋ አስደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ዛሬ ሲነጋ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። እትዬ በላይነሽ ገና ሲያዩአቸው «ማንን ነው?!» ብለው ጮኹ።

ከፊት የቆሙት አባባ ይመር ናቸው፤ የሰፈሩ መርዶ ሁሉ በእሳቸው አፍ ነው የሚነገረው። «በላይነሽ፣ በርቺ። ወንድምሽ መላኩ…» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

አለቀስኩ። ለወጉ አይደለም፣ ከአንጀቴ! ያመጡልኝ በሶ እኮ ገና አላለቀም! «ጋሼ፣ ጋሼ» እያልኩ ደረቴን መታሁ። እትዬ በላይነሽን ሁለት ሴቶች ያዟቸው። እኔን ሦስት ሰው ያዘኝ።

ከዚያ አባባ ይመር አሟሟቱን ጀመሩ። «ሰው ተው ሲለው፣ በቅሎዬ ወንዙን ታውቀዋለች ብሎ ገባ…»

እንባዬ ቀጥ አለ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። አራት ጊዜ አርሜያታለሁ!

ፈላስፋው ሰው እውነቱን ድንገት ስለሚያውቅበትና ነገር ሁሉ ስለሚገለበጥበት ሰዓት የጻፈው ክፍል አለ። ስተረጉመው በደንብ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ያለ መዝገበ ቃላት ገባኝ።

ዝም ልበል? እትዬ በላይነሽ መሬት ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን ሊነጩ ነው። ልናገር? ከዚህ ቤት መባረሬ ነው፤ ምናልባት ከከተማውም።

«አልሞቱም!» አልኩ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም። ለቅሶተኛ ሁሉ እንዲህ ይላል።

«አልሞቱም! የሞተው የእኔ ሰው ነው! የገደልኩት እኔ ነኝ!»

ይሄኔ ሁሉም ሰማኝ።

«ምን አልክ አንተ?» አባባ ይመር ከዘራቸውን አነሡ።

«በወረቀት! በወረቀት ነው አባባ! ግርጌ ማስታወሻ ላይ!»

ጋሽ ሰይድ ከኋላ ተጋፍተው መጡ። «አንተ ልጅ! ስሙ ይቆየን አላልከኝም?»

«ስም ስላልመረጥኩ እኮ ነው ጋሼ!»

ስልክ ተደወለ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ተነሣ፤ ላውድ ላይ አደረጉት።

«ሃሎ! ማነው በጠዋት? መብራት ጠፍቶ ስልኬ አሁን ነው የበራ።»

«መላኩ! ሞተሃል እኮ!» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ እንባቸው እየወረደ።

«እኔ?»

«ወንዝ ወስዶህ! ከነበቅሎህ!»

«በቅሎዋስ ተረፈች?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ! ደረት መድቃቱ እልልታ ሆነ። ለለቅሶ የመጣው ንፍሮ ለደስታ ተበላ። አባባ ይመር እንኳ ከዘራቸውን አስቀምጠው ዘገኑ። ጋሽ ሰይድ ብቻ እያፈጠጡ «ዳግመኛ ስታወራኝ መጀመሪያ ‹ተረት ነው› በል» አሉኝ።

እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። በሐሳቤ ሻንጣዬን አሰናድቻለሁ።

«ወረቀቱን አምጣና አንብብልኝ» አሉ።

ቆሜ አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አሻግረው።»

«እትዬ፣ ፈላስፋው እኮ ሰውየው መውደቅ አለበት ነው የሚለው…»

«ፈላስፋው እዚህ ቤት ነው የሚኖር?»

ይኸው ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ሰውየውን አሻገርኩት። በቅሎዋም ተሻግራለች። ልብሱ እንኳ አልረጠበም። ትራጄዲው ድራሹ ጠፍቷል፤ እኔ ግን አልተባረርኩም።

እስቲ ፍረዱኝ፦ ሐሳቡ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ፈላስፋና የቤት አከራይ ሲጣሉ፣ ተርጓሚ ከማን ጋር ይቆማል?