ከቅርፊቱ ውስጥ የነበረው

ትናንት ሌሊት ሸምሲያ ሕልም አየች። ማረቆ፣ የአባቷ የበርበሬ ማሳ ላይ ነበረች፤ በርበሬዎቹ ግን መድኃኒት መርጫ አዝለው ገበሬ ያርሙ ነበር። ፊቱ የዥጎረጎረ ገበሬ ሲያገኙ ነቅለው ዳር ይጥሉታል።

"አባቴን አይታችኋል?" ስትል አንዱን በርበሬ ጠየቀችው።

"ቤተ ሙከራ ተወስዷል" አላት ሥራውን ሳያቆም።

ቤተ ሙከራው የራሷ ነበር። ሸምሲያ እዚያ የምትሠራው በርበሬና ትምባሆ የሚያጠቃውን ቫይረስ ውስጡን አውጥታ፣ በቀረው የፕሮቲን ቅርፊት መድኃኒት የሚሸከም ከዓይን የረቀቀ ዕቃ መገንባት ነው። አሁን ግን ነጭ ጋዎን የለበሱት ቫይረሶቹ ናቸው። ሰው በነኩ ቁጥር በሽታው እንዳይጋባባቸው እሷ ችግኝ ስትነካ ቫይረሱ እንዳይዛመት እንደምታደርገው፣ እጃቸውን በወተት ይታጠባሉ። ግድግዳው ትከሻ ለትከሻ ከተገጣጠሙ ባዶ ሰዎች የተሠራ ነበር። መሀሉ ላይ አባቷ አቶ ኑሪ ከነኮፊያቸው ቆመዋል፤ እሳቸውም ባዶ ናቸው።

"ግሩም ቅርፊት ነው" አላት ዋናው ቫይረስ። "ሙቀት አይበግረው፣ ዝናብ አይበግረው።"

"መልሱልኝ።"

"ምን ገዶን። ውስጡ የነበረውን ንገሪንና መልሰን እንሞላዋለን።"

ሸምሲያ ኮፊያቸውን ነገረችው፤ ሳላቸውንም፣ አረማመዳቸውንም።

"እሱ ውጪው ነው" አላት ቫይረሱ በትዕግሥት። "ውስጡስ?"

ከዚያ ወዲያ የመጣላት እጃቸው ብቻ ነበር። ማሳው በዚሁ ቫይረስ በዥጎረጎረበት ዓመት፣ ትምባሆ በጠቀለሉበት እጅ ችግኝ ሲተክሉ አይታ፣ ጎረቤት እየሰማ "በሽታውን ያመጣው የእርስዎ እጅ ነው" ብላቸው ነበር። እውነቷን ነው፤ ግን ምነው ያን ጊዜ ምላሷን በቆረጠው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ችግኝ ነክተው አያውቁም። ምን እንደተሰማቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻቸውም።

"አላውቅም" አለች።

"እንግዲያው ጡብ ይሆናል" አለና ቫይረሱ እጁን ወተቱ ውስጥ ነከረ።

እያለቀሰች ነቃች። ነግቷል። መውለዷን ሰምተው ሊጠይቋት ከማረቆ የመጡት አባቷ፣ መስኮቱ ዳር ቆመው ሕፃኗን ታቅፈው እሹሩሩ ይላሉ። እጃቸው ላይ ከሸምሲያ ቦርሳ ያወጡትን የቤተ ሙከራ ጓንት አጥልቀዋል።

መንቃቷን ሲያዩ ዞር አሉ።

"አትስጊ ሸምሲ" አሏት፤ "በባዶ እጄ አልነካኋትም።"