«ከዚያስ?» ባዩ ጋሼ ዘውዴ

ዕቃ የጠፋበት ሰው ከሁለት ዓይነት ሰው በአንደኛው እጅ ይወድቃል። አንዱ «አይዞህ፣ ይገኛል» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሌላው ወንበር ስቦ ይቀመጥና «እስቲ ጠዋት ከእንቅልፍህ ስትነሣ እንጀምር» ይላል። በዚህኛው እጅ የወደቀ ሰው ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ዕቃው እንኳን ጠፋብኝ ማለቱ አይቀርም። በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። በደርግ ዘመን ሸዋ ሮቢት አካባቢ ለነበረ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሱት ጋሼ ዘውዴ ነበሩ።

ጋሼ ዘውዴ በማዕረግ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ በተግባር የጠፋ ነገር ሁሉ ዳኛ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ የቆላ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ። ሰው ሲናገር ወረቀታቸው ላይ ይጽፉና ቀና ሳይሉ «ከዚያስ?» ይላሉ። የትምህርት ቤቱ ታይፒስት አበበች ይህችን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰማ ልትቆጥር ሞክራ፣ ረፋድ ላይ ሃያ ሦስት ስትደርስ ተወችው።

አንድ ጊዜ የደወል መምቻው ብረት ጠፋ። ደወሉ ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ስለሆነ በድንጋይም ቢመቱት አገር ያሰማል። ጋሼ ዘውዴ ግን ዘበኛውን ካሳሁንን ወደ ቤቱ ወስደው የጠዋቱን ሥራ ሁሉ እንደገና አሠሩት።

«ፊቴን ታጠብኩ።»

«ታጠብ። ከዚያስ?»

«ቁርሴን በላሁ።»

«ብላ። ከዚያስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ቁርሱ እኮ አልቋል!»

«እንደበላህ ሁን።»

ካሳሁን ከባዶ ሳህን እየጎረሰ፣ እያላመጠ፣ ሳህኑን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ብረቱን መደቡ ሥር አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአዲስ መምህር ሁሉ እንዲህ እያለ ያስጠነቅቅ ነበር፦ «ለጋሼ ዘውዴ ጥርሴ ጠፋ እንዳትላቸው፤ ከጡት ነው የሚጀምሩት።»

ሌላ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ቆሞ መንገደኛው ሲፍታታ፣ አንዲት ሴት «ጥላዬን!» ብላ ጮኸች። ጋሼ ዘውዴ ተነሡ። ሃምሳ ሰው ሾፌሩ ጭምር በዚያ ብርድ ከደብረ ብርሃን ሲነሣ በነበረበት ወንበር እንዲቀመጥ አደረጉ። ሾፌሩ «እኔስ ከመሪው የት ሄጄ!» ቢል የሚሰማው አላገኘም። ጥላው ከሴትዮዋ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ጋሼ ዘውዴ አልሳቁም፤ «ተገኘ አይደል?» ብለው ተቀመጡ።

አበበች በእኚህ ሰው ተማርራለች። ግን አንድ ነገር ደግሞ አትክድም፤ በእሳቸው ፍለጋ ሰው ተሰድቦና ተጠርጥሮ አያውቅም። ሌላው ሰው ዕቃ ሲጠፋው ሌባ ይፈልጋል፤ ጋሼ ዘውዴ ዕቃውን ነው የሚፈልጉት።

በ1974 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የማትሪክ ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። ተማሪው መልሱን በእርሳስ ያጠቁራል፣ ወረቀቱን ማሽን ያነበዋል። ማሽኑን በዓይኑ ያየ ሰው በከተማው አልነበረም፤ ስለዚህም ሁሉም በደንብ ያውቀዋል። በዝርዝሩ ላይ የአሥራ አንድ ልጆች የሒሳብ ውጤት ባዶ ነበር። ሒሳብ የሌለው ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ የምዝገባው ቀን ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

መጀመሪያ የደረሱት ሽንኩርት አምራቹ ጋሽ አሊዪ ናቸው፤ ልጃቸው ሳፊያ ከኋላቸው ቆማለች።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ሌላውን ትምህርት ወላሂ ጥሩ አምጥታለች። ሒሳብ ላይ ባዶ ነው። ዜሮ ቢሆን እኮ ዜሮም ቁጥር ነው! በሚመጣው ዓመት ድገሚ አሏት። እኔ ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ከመንደር እዚህ ድረስ ሌላ ዓመት ስንቅ የማመላልስበት ጉልበት የለኝም።»

«ተቀመጡ ጋሽ አሊዪ» አሉ ጋሼ ዘውዴ፣ ንጹሕ ወረቀት እያወጡ።

ርእሰ መምህሩ ማሽኑ ተሳስቶ ነው አሉ። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ይልማ ደግሞ አሻጥር ነው አለ። «አሥራ አንድ የጭቁን ልጆች ባንድ ጊዜ? እጅ አለበት! ስሙን ብቻ ስጡኝ።»

«ስም ሳይሆን ወረቀት ነው የጠፋው ጓድ» አሉ ጋሼ ዘውዴ።

የመቀመጫ ዝርዝሩን አወጡ፤ አሥራ አንዱም አራት ቁጥር ክፍል፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በኩል የተቀመጡ ናቸው። ፊርማቸው አለ። የመልስ ወረቀቱ ፖስታ ማሸጊያ ቁጥርም ልክ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ልጆቹን ጠርተው እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አበበች የፈተናው ዕለት ፖስታ ያዥ ስለነበረች በር ላይ ቆመች። ጓድ ይልማም እጁን አጣምሮ ከጎኗ ቆመ።

«ሳፊያ፣ ፈተናው ተሰጠሽ። ከዚያስ?»

«ሠራሁ። ከሰዓት ስለነበረ ሙቀቱ... ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ክንዴ ላይ ተጣብቆ ሲነሣ ተጨማደደ።»

«እኔም!» «የኔማ ረጥቦ ነበር!» አሉ ሌሎቹ።

«ከዚያስ?»

«ፈታኙ ወረቀቱን ሰበሰበና ወደ ቢሮ ወሰደው።»

«ቢሮ ገባ» አሉ ጋሼ ዘውዴ እየጻፉ። «እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ አበበች። ከዚያስ?»

ከዚያ የሆነው ሁሉ አበበች ፊት ድቅን አለ። ጋሼ ዘውዴ ያን ቀን አሥራ አንዱን ወረቀቶች አይተው አዝነዋል። «እንዲህ ተጨማዶ አዲስ አበባ ቢገባ ልጆቹን ምን ይሏቸዋል?» ብለው ከካሳሁን ቤት የከሰል ካውያ አስመጡ። መሐረባቸውን በወረቀቱ ላይ እያነጠፉ፣ በሁለት መምህራን ፊት፣ እንደ ሙሽራ ሸሚዝ አንድ በአንድ ተኮሱት። ከሰሉን ያራገበችው ራሷ ናት። ሰውየው በጎ ያደረጉ መስሏቸው ስለነበር ከጥፋት ዝርዝር ውስጥ ፈልገውት አያውቁም።

ጓድ ይልማ አጠገቧ ነው። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ፣ ወህኒ ቤቱ አጠገቡ ላለ ለሮቢት ሰው አይነገረውም።

«አላስታውስም ጋሼ» አለች።

ጋሼ ዘውዴ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። አበበች በሰባት ዓመት ውስጥ አላስታውስም ብላ አታውቅም። አዩዋት። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከዚያማ» አሉ፣ «እኔ ተኮስኳቸው።»

ጓድ ይልማ ያጣመረውን እጁን ፈታ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ባዶ ወረቀት በውሃ አርሰው በካሳሁን ካውያ ተኮሱና ካልተነካ ወረቀት ጋር አስተያዩት። የተተኮሰው በክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል አጥሯል።

«ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ ያነበዋል» አሉ፣ ወረቀቱን ለጓድ ይልማ እያሳዩ። «ማሽን ግን ጥቁሩን ነጥብ ቦታው ላይ ካጣው ይተወዋል። ወረቀቶቹ እዚያው አዲስ አበባ አሉ ማለት ነው። በእጅ ይታረሙልን ብለን እንጻፍ።»

«ጓድ ዘውዴ» አለ ይልማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምክንያቱ የግድ መጻፍ አለበት? ይህ በጽሑፍ ከሰፈረ እኔም ልረዳዎ አልችልም።»

«ካልሰፈረ ደግሞ ልጆቹን የሚረዳቸው የለም። ያለ ምክንያት ማን ሣጥን ይከፍትላቸዋል?»

ይልማ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ስም ሲፈልግ ቆይቶ ስሙ በእጁ ሲገባ የማይወስድ ካድሬ አበበች ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ጋሼ ዘውዴ ቆመው አስጻፏት። «ጥፋቱ የእኔ፣ የዘውዴ...» አበበች መታች፤ ታይፑን እስከ መጨረሻው መታችና አውጥታ ሰጠቻቸው። እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ይህ ስሕተት አለው። የአንቺ ስም ምን ይሠራል እዚህ?»

«ስሕተት የለውም ጋሼ። ከሰሉን ያራገብኩት እኔ ነኝ።»

«አበበች፣ ልጆች አሉሽ።»

«እርስዎስ የሉዎትም? ይፈርሙ፤ አውቶቡሱ ያመልጥዎታል።»

ፈረሙ። እሷም ፈረመች። ጋሼ ዘውዴ ደብዳቤውን በኮታቸው ኪስ ይዘው ሄዱ፤ አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ቀን ከአንዱ በር ወደ ሌላው ተንከራተቱ። ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው የአሥራ አንዱን ልጆች ውጤት ይዘው ተመለሱ። ሰባቱ አልፈዋል። ሳፊያ በሒሳብ «ቢ» አግኝታለች። ጋሽ አሊዪ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያችን አንዲት ፊደል ብዙ ጊዜ አዩና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እቺማ ወፍራም ናት፤ ትታየኛለች» አሉ።

ጥቅምት ላይ ቅጣቱ መጣ። እስር አልነበረም፤ ለሁለቱም ከፈተና ሥራ መታገድና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ጋሼ ዘውዴ ማስጠንቀቂያውን ቁጥር ሰጥተው በገዛ እጃቸው በየማኅደራቸው አስገቡት፤ አንዱን ግልባጭ ለአበበች ሰጧት።

ጋሼ ዘውዴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። አበበች ጡረታ ስትወጣ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጣት የምስጋና ወረቀት የት እንዳለ አታውቅም፤ ፈልጋውም አታውቅም። የማስጠንቀቂያው ግልባጭ ግን ግድግዳዋ ላይ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ «ቅጣት እኮ ነው፣ ምን ብለሽ ሰቀልሽው?» ሲላት፣ የእሷና የእሳቸው ስም ጎን ለጎን የተጻፈበትን መስመር በጣቷ ታሳየዋለች።