እንደ ጓሳ የተዘጋው ካርድ

ተንቀሳቃሽ ስልክ በገባበት አገር ሁሉ የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ የሚያወራና የሚያሰላ። የሚያወራው ሞልቷል። የሚያሰላው ግን በየመንደሩ አንድ ነው፤ ሁለት ቢሆን መንደሩ ይፈርሳል። ታውቁታላችሁ። በናፍቆት እያወራችሁት ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው፤ ደቂቃዋ ልትሞላ ስትል "በሉ በሉ፣ ካርዳችሁን አትፍጁ" ብሎ ይዘጋል። ደህንነቱን ስትጠይቁት፣ ደህና መሆኑን ከመናገሩ በፊት የደወላችሁት በየትኛው ታሪፍ እንደሆነ ይጠይቃል። ኔትወርክ ያለበትን ድንጋይ እንደ ርስቱ ድንበር ያውቀዋል።

በመንዝ፣ ከሞላሌ ራቅ ብላ ባለች አንዲት የገብስ መንደር፣ ይህን ማዕረግ ይዘው የኖሩት አቶ ዳኜ ናቸው። ሚሊኒየሙ ከገባ ወዲህ፣ አንቴናው በተተከለ ሰሞን፣ በመንደሯ የመጀመሪያውን፣ ለረጅም ጊዜም ብቸኛውን ስልክ የያዙ እሳቸው ነበሩ። ጎረቤት "ሊቀ ኔትወርክ" ይላቸዋል፤ በእርግጥ ፊታቸውን ካዞሩ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወሰንየለሽ ግን ምንም አትላቸውም። ትመለከታቸዋለች። ጎረምሳ ሳሉ አግብታቸው፣ ልጆች ወልዳላቸው፣ ጠጉራቸው ገብስማ ሲሆን አይታ፣ አሁንም በዚያ ጭንቅላት ውስጥ ምን እየተደመረ ምን እየተቀነሰ እንደሆነ ማወቅ ያምራታል።

አቶ ዳኜ ማንኛውንም ነገር የሚመዝኑት በሁለት ጥያቄ ነው። "ዋጋው ስንት ነው? የሚደርሰውስ እስከ የት?" ጥያቄው ከስልኩ ይቀድማል። ጃንጥላ ሲገዙ ዋጋውን ሰምተው ሲያበቁ ዘርግተው ትከሻቸውን ይለኩበታል። መምሬ አትናቴዎስ ለደብሩ አዲስ ደወል መዋጮ የጠየቁ ዕለት ምእመኑ ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ አቶ ዳኜ ብድግ ብለው ደወሉ እስከ የት እንደሚሰማ ጠየቁ። መምሬ እስከ ሰማይ ነው አሉ።

"እሱንስ አልጠራጠርም አባቴ። በዚህ በኩል ግን ወንዙን ይሻገራል ወይ?"

ይሻገራል ተባሉ፤ ከፈሉ። ደወሉ በተሰቀለ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያስቀድስ እሳቸው ወንዙን ተሻግረው ቆመው ማዳመጣቸውን የምታውቀው ወሰንየለሽ ብቻ ናት።

ስልኩን ሲገዙ ግን ሞላሌን አስጨነቁ። ካርድና ስልክ የምትሸጠው አዛለች ሁለት ዓይነት ነበራት፤ ከቤት የማይወጣው ባለ ሳጥኑና በኪስ የሚያዘው። ሳጥኑ ለደቂቃው ይረክሳል፤ ነገር ግን የተቀመጠበት ቤት ኔትወርክ ከሌለው ለዘላለም የለውም። የኪሱ ይወደዳል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ኔትወርክ ወዳለበት ይዞት ይሄዳል። አቶ ዳኜ ይህን ሲመዝኑ ገበያ መጣ፣ ገበያ ሄደ። ኋላ ኋላ አዛለች እሳቸው ከሩቅ ብቅ ሲሉ "ምሳ ሄጃለሁ" ብላ ሱቋን ትዘጋ ነበር ይባላል፤ ያውም በማለዳ። በመጨረሻ የኪሱን ገዙ። ምክንያታቸውን ለሚስታቸው ሲያስረዱ፣ ሳጥኑ ቢሆን እኛ ቁጭ ብለን እንጠብቀው ነበር፣ ይኸኛውን ግን እንደ በግ እያዞርን እናግደዋለን አሏት።

አገዱትም። ስልኩን ወደ ሰማይ አንስተው፣ አንጋጠው፣ መንደሩን ዞሩት። ቤታቸው ከሸለቆው ግርጌ ነውና ምንም የለም። የገብሱ ክምር አናት ላይ አንድ መስመር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ሁለት፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ይጠፋሉ። ከመንደሩ በላይ ያለው አፋፍ ላይ ሙሉ። እዚያ ሲደርሱ ስልኩን እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ወሰንየለሽ ከታች ሆና ስታያቸው፣ ይህ ሰው የሚፈልገው ስልክ ነው ወይስ መሬቱ የደበቀበትን ነገር ነው ስትል አሰበች።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። የሚደወልልን ነጻ ነው፣ የምንደውለው ያስከፍላል፤ እንግዲያው አንደውልም። ደብረ ብርሃን የምትኖረው ልጃቸው ገሊላ እሑድ እሑድ አንድ ጊዜ አስጠርታ ትዘጋለች፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። አቶ ዳኜም አንድ ጊዜ አስጠርተው ይዘጋሉ፤ እኛም ደህና ነን ማለት ነው። እንዲህ እያሉ አባትና ልጅ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያወጡ፣ ወራት ሲነጋገሩ ኖሩ። ለአቶ ዳኜ ይህ የሰው ልጅ ጥበብ የደረሰበት ጫፍ ነው። ወሰንየለሽ ግን ድምፅ ያምራት ነበር።

ታዲያ ገሊላ አረገዘች። የበኩሯ ነው። ልጅ በመጀመሪያ ወሊዷ እናቷ ከጎኗ ትሁን ማለት የሁላችንም ደንብ ነው፤ ለወሰንየለሽ ደግሞ ከደንብም በላይ ነበር፤ እሷ ገሊላን ስትወልድ እናቷ አልደረሱላትም። በጎቹ የሚወልዱበት ወቅት ስለነበረ ቀድማ ሄዳ መቀመጥ አልቻለችም። ስለዚህ የገሊላ ባል ምስክር ቀኑ ሲቃረብ ሊጠራት፣ እሷም በተጠራች ዕለት ልትነሳ ተስማሙ።

አቶ ዳኜ ለዚህ ጉዳይ የራሳቸው መላ ነበራቸው። ከጥምቀት ማግስት አንድ ሙክት ሸጡና ከአዛለች ሱቅ ትልቁን ካርድ ገዝተው ስልኩ ውስጥ ሞሉ። ሞሉና ዘጉት። በወጣትነታቸው ተመርጠው ጓሳን፣ የአገሩን የጋራ የሣር ምድር፣ የጠበቁ ሰው ናቸው፤ ዓመታት የተዘጋ ጓሳ ሣሩ እንዴት ወገብ እንደሚደርስ፣ የተከፈተ ዕለት አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ሲወርድ፣ ለቤት ክዳንም ለገመድም እንዴት እንደሚተርፍ በዓይናቸው አይተዋል።

"ጓሳ ያማረው በመዘጋቱ ነው" አሏት። "ይህም ይዘጋል፤ አንድም ሰው አይነካውም። የገሊላ ወር ሲገባ ለልደታ እንከፍተዋለን። ያን ቀን ወሰኔ፣ እስክትጠግቢ ታወሪያለሽ፤ እኔ ሰዓት አላይም።"

አዛለች ካርዱ ቀን እንዳለው፣ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡም አብሮ እንደሚያልፍ ነግራቸው ነበር። አቶ ዳኜ ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም። ነጋዴ ሁልጊዜ ቶሎ ጨርስና ቶሎ ተመለስ ይላል ብለው ተዉት። ደግሞስ ከቀበሌው ጉዳይ ገጥሟቸው፣ ጎረቤት ታሞባቸው፣ በግ ጠፍቶባቸው እንኳ ያልነኩት ነገር እንዴት ይቀንሳል? ጠባቂው የታመነ ነው፤ የገባበት ከብት የለም።

ለልደታ መንደርተኛው እንደ ልማዱ ንፍሮውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። በዚያ ዓመት ቦታው አፋፉ ላይ ሆነ፤ ካርዱ የሚከፈተው እዚያ ነውና። ወሰንየለሽ ለገሊላ የምትለውን ስታሰናዳ ሰንብታለች፤ ምጥ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ፣ ምን እንደምትጠጣ፣ ምን እንደማትፈራ። መምሬ አትናቴዎስ ንፍሮውን ሲባርኩ ስልኩም ከባራኪው እጅ አልራቀም። አቶ ዳኜ ጉሮሯቸውን ጠርገው ደወሉ። ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

አንዲት ሴት በጥሩ አማርኛ፣ በትሕትና፣ የሒሳቡ የአገልግሎት ጊዜ ማብቃቱን ነገረቻቸው። መደወል አይችሉም፤ የሚደወልልዎትን ለጥቂት ቀናት መቀበል ይችላሉ አለች። አቶ ዳኜ ዘግተው እንደገና ደወሉ። እሷን መስማት አያስከፍልም። ያንኑ ነገረቻቸው።

የሳቀ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። አንዱ፣ ጓሳውን አንበጣ በላው አለ። ሌላው ሊቀ ኔትወርክ ከሥልጣን ወረዱ አለ። ወሰንየለሽ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ባሏን ነበር የምታየው። ሣር ሲዘጋ ይወፍራል፤ ቃል ሲዘጋ ግን ምን እንደሚሆን ጓሳ አያስተምርም። አቶ ዳኜ ይህን በዚያች ቅጽበት የተረዱ መሰላት፤ ፊታቸው ልጁን ለቁርባን አቅርቦ እንደተመለሰበት አባት ሆነ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አዲስ ካርድ ያለው ሞላሌ ነው። የሞላሌ መንገድ ደግሞ ገደሉን ወርዶ ገደሉን ይወጣል፤ እዚያ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል አይታወቅም። ስልኩን ይዞ ካርድ ሊገዛ የሄደ ሰው፣ ምስክር ቢደውል አይሰማም። አፋፉ ላይ የቀረ ሰው ይሰማል፣ መልሶ መደወል ግን አይችልም። ስልኩን ትቶ ሞላሌ ወርዶ በሌላ ስልክ እንዳይደወል፣ የምስክር ቁጥር ያለው በዚያው ስልክ ሆድ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ስሙን እንጂ ቁጥሩን አያሳይም፣ ፈልጎ የሚያወጣውም በመንደሩ የለም፤ የተቀረውን ዓለም ሲያሰሉ የኖሩት አቶ ዳኜ ቁጥሩን በቃላቸው አልያዙትም ነበር። ዘመናዊ ነገር ሁሉ ሲገፈፍ የሚቀረው ይኸው ነው፤ ምን ያስከፍለኛል፣ እስከ የትስ ያደርሰኛል።

"አንቺ ለዋጋው ሂጂ" አሏት። "እኔ ለሚደርስበት እቀመጣለሁ።"

በበነጋው ወሰንየለሽ ጎህ ሲቀድ ወጣች። እሳቸው የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አፋፉ ላይ ከተቀመጡበት ድንጋይ አልተነሱም። ዞር ብላ አየቻቸው። ሰዓት አያዩም ነበር።

ሞላሌ ስትደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ካርዱን ገዛች፤ አዛለች ጋሽ ዳኜ እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀቻት፤ ደህና ናቸው አለች፤ ሌላ ምን ይባላል። ከሱቁ ማዶ የደብረ ብርሃን አይሱዙ የመጨረሻ ሰዎቹን እየጠራ ነበር። ከእሱ በኋላ እስከ ነገ መኪና የለም። እሷ ግን ካርዱን ይዛ መመለስ አለባት፤ መቀነቷን አጥብቃ ለመንገዱ ተሰናዳች።

ያኔ ነው ወዳጆ የሚባሉ፣ ከከተማው በላይ ከወዲህኛው አፋፍ ሥር የሚኖሩ ሽማግሌ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ የደረሱት። ከነዳኜ መንደር የመጣች ወሰንየለሽ የምትባል አለች ወይ ብለው ገበያውን ጠየቁ። የሰው ፊት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። በመንዝ ወሬ እንዲህ የሚመጣው ሰው የሞተ ዕለት ነው።

"አይዞሽ፣ የሞተ የለም" አሉ ሽማግሌው። "እኛም ደንግጠን ዱላ ይዘን ነው የወጣን። ዳኜ ከላይ ሆኖ ተጣራ። ማዶ ያሉት ተቀበሉት፣ እነሱ ለወዲህኞቹ፣ የወዲህኞቹ ለእኔ። መልእክቱ እንዲህ ነው። ምስክር ደውሏል። ገሊላን ምጥ ጀምሯታል። የበኩር ነው፣ ይቆያል፣ ትደርሻለሽ። አትመለሺ፤ ከዚያው መኪና ያዢ።"

ወሰንየለሽ ካርዱን ከነላስቲኩ ለሽማግሌው ሰጠች፤ ለአቶ ዳኜ እንዲያደርሱላት። ወደ መኪናው ስትሮጥ አቶ ወዳጆ ከኋላ ጠሯት። የቀረ ነገር አለ አሉ፤ ይንገሯት ወይስ ይተዉት አላወቁም።

"መጨረሻ ላይ አንድ ቃል አለበት። እኛ ግን ተጠራጥረነዋል፤ አንዱ አፋፍ ላይ የጨመረው ሰው አለ ብለን።"

"ምን አሉ?"

"'የመኪናውን ዋጋ አትከራከሪ፣ የጠየቁሽን ስጪ' ብሏል ይላሉ።"

አዛለች ከሱቋ ሆና ሳቀች። ይህማ የጋሽ ዳኜ አይደለም አለች፤ ገበያተኛውም፣ የሚያውቋቸውም የማያውቋቸውም፣ አይደለም አሉ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማዶ ያሉት ሰዎችም ይህንኑ ብለው መልእክቱን ከማሳለፋቸው በፊት መልሰው ጠይቀውታል አሉ፤ የእውነት አንተ ነህ ያልከው ብለው። እኔ ነኝ አለ። አላመኑትም። እንደገና ጠየቁት። እንደገና አለ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ እጁን ብቻ ነው ያወዛወዘው።

ወሰንየለሽ ግን አንድ ቅጽበት አልተጠራጠረችም። ወጥታ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠች። ረዳቱ ሒሳብ ጠየቃት፤ የጠየቀውን ቆጥራ አስጨበጠችው። ከሞላሌ የተሳፈረ ሰው ያለ ክርክር ሲከፍል አይቶ አያውቅምና፣ ረዳቱ ብሩን ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን ገልብጦ አየው።