የብሎግ ምክርና የአያ ደሴ በሬ

ብሎግ ልትጀምሩ አስባችኋል? እንግዲያው ለማንም እንዳትናገሩ። እኔ ተናግሬ ጉዴ ፈላ። ወረታ መገንጠያው ላይ ቆማችሁ የደብረ ታቦር መንገድ የቱ ነው ብትሉ ሦስት ባጃጅ ይከባችኋል እንጂ የሚመልስላችሁ የለም። እስቲ "ብሎግ ልጀምር ነው" በሉ። ኢንተርኔት የሚበላ ይሁን የሚጠጣ የማያውቀው ሁሉ መንገዱን ያሳያችኋል።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አገሬ ደብረ ማርቆስ፣ ሥራዬ ወረታ፣ ትዳሬ ባሕር ዳር። ቀኑን ሙሉ ካርታ አስተምራለሁ፤ የራሴን ኑሮ ግን አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ አቅቶኛል። ባለቤቴ ፀሐይም መምህር ናት፤ ባሕር ዳር ነው የምታስተምረው። ሩቅ አይደለም፣ ሐሙሲትን አልፎ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ግን በየቀኑ ልመላለስ ብል ደመወዜን መኪና ይበላዋል። ቅዳሜ ልሂድ ስል ስብሰባ አለ። ስብሰባ የሌለበት ቅዳሜ የምታውቁ ካላችሁ በእግዜር ንገሩኝ። እናም በየሁለት ሳምንቱ ብቅ እላለሁ። ሁለት ዓመት ያለፋት ልጄ ሶስና በሩን ስከፍት ምን ብላ እንደምትጮህ ታውቃላችሁ?

"እማዬ! እንግዳው መጣ!"

የመጀመሪያ ቀን ሁላችንም ሳቅን። በሁለተኛው ፀሐይ ብቻ ሳቀች። በሦስተኛው ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ምሳዬን እንኳ በቅጡ አልበላሁም። ልጅቷ ደግሞ እንግዳ ናቸው ብላ ወንበር ታቀርብልኛለች። አስተዳደጓ ጥሩ ነው፣ እናቷ ናት ያሳደገቻት።

ዝውውር ከጠየቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ዝውውር ማለት፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ባሕር ዳር ቦታ ቢኖር ብቻ አይበቃም። እዚህ ያለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት "ለቅቄዋለሁ" ብሎ መጻፍ አለበት። እሱ ወረቀት ነው የማይገኘው። ታዲያ በዚያው ሰሞን ባሕር ዳር አንድ የጂኦግራፊ መምህር ይፈለጋል የሚል ወሬ መጣ። እኔም አሰብኩ። ብሎግ ብጀምር ስሜ ይታወቃል። ስሙ የታወቀ ሰው ማመልከቻው ከክምሩ ሥር አይቀርም። እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

መጀመሪያ ምክር የጠየቅሁት ኢንተርኔቱን ራሱን ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ለአዲስ ጀማሪዎች የሚሆን ምክር ፈለግሁ። ገጹ እስኪከፈት ሻይ አዘዝኩ። ጠጥቼ ጨረስኩ። ሌላ አዘዝኩ። ተከፈተ። በየቀኑ ጻፍ ይላል። በየቀኑ! መብራት ደስ ባለው ቀን በሚመጣበት ከተማ! ቀጥሎ አንባቢህን እወቅ ይላል። እሱስ ቀላል ነው። በጀመርኩ በሳምንቱ ቆጣሪው አራት አንባቢ አሳየኝ። ሦስቱ እኔ ነኝ፣ በሦስት ኮምፒውተር። አራተኛዋ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሜሮን ናት። እሷም ልታነብ አይደለም፣ ማሽኑ አልሠራ ብሎኝ ልታየው ነው የመጣችው። የማንም አንባቢ እንደኔ አንባቢ አይታወቅም።

ሜሮን ግን ገጹን ካየች አይቀር መከረችኝ። ስለ ፍቅርና ስለ እንግሊዝ ኳስ ጻፍ፣ ሌላውን ማንም አይከፍተውም አለች። ስለ ፍቅር ምን ልጻፍ? ፍቅሬ ያለው ባሕር ዳር ነው። ኳስ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት እንኳ አላውቅም። አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አከራዬ አያ ደሴ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ደሴ ሜዳው ላይ ሩዝ ያርሳሉ፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሁለት ክፍል ሠርተው አንዷን ለእኔ አከራይተውኛል። ብሎግ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ብዙ አልፈጀባቸውም።

"ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው በለኛ!" አሉ።

ከዚያ ርዕስ ሰጡኝ። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ተደፍኗል። ዝናብ ሲጥል ውሃው መሄጃ አጥቶ የሳቸው ሩዝ ላይ ይተኛል። ሩዝ ውሃ ቢወድም እስከ አንገቱ ነው፣ አናቱን ሲያልፈው ይበሰብሳል። ሦስት ጊዜ ለጽሕፈት ቤቱ አመለከቱ፣ ሦስት ጊዜ "ይታያል" ተባሉ።

"እሱን ጻፍልኝ መምህሬ፤ ሌላ ምን አስጨነቀህ?" አሉ።

ቱቦ! እኔ ስሜን ላስጠራ ተነስቼ ስለ ቱቦ ልጽፍ? "እሺ አያ ደሴ፣ አስብበታለሁ" አልኳቸው። በሆዴ ግን ሳቅሁባቸው። ይኸው አሁን ዋጋዬን እያገኘሁ ነው።

ከዚያ አስናቀ መጣ። አስናቀ እንደኔው ጂኦግራፊ ያስተምራል። ያስተምራል ስል ስሙ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ አለ ማለቴ ነው። ሻይ የሚያዘው ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ ደግሞ ማስታወሻ የሚይዝ ይመስላል፤ ይሄ እንኳ ተሰጥኦ ነው፣ አይካድም። ትከሻዬን ይዞ እንደ ወንድም መከረኝ። መልካም መልካሙን ጻፍ አለኝ። የጽሕፈት ቤቱን ሥራ አመስግን። ኃላፊዎቹ ያዩሃል፣ ሲያዩህ ይወዱሃል፣ ሲወዱህ የጠየቅኸውን አይነሱህም። መልቀቂያህን በእጅህ ያስጨብጡሃል አለ።

እንዴት ያለ ብሩህ ሰው! ያን ጊዜ እንዲያውም አዘንኩለት። ይሄን የመሰለ አእምሮ ይዞ ስብሰባ ላይ ይተኛበታል ብዬ። ዓይኔን ሳላሽ ምክሩን ተቀበልኩ።

መልካም መጻፍ ቋንቋ አለው፣ እንደ ቀላል እንዳታዩት። "ችግር" አይባልም፣ "ተግዳሮት" ነው። "አልተሠራም" የሚባል ነገር የለም፣ "በመሠራት ላይ ይገኛል" ነው። ውሃ የለም ማለት ነውር ነው፤ "ፍላጎቱን ለማሟላት ርብርብ እየተደረገ ነው" ይባላል። አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ዝም ካለ "በንቃት ተሳትፏል"፤ ቢተኛ እንኳ "በጥሞና ተከታትሏል"። በሁለት ሳምንት ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጣሁት። ፀሐይ ስልክ ደውላ ደህና ነህ ወይ ስትለኝ "አበረታች ሁኔታ ላይ ነኝ" ብያት ዘጋችብኝ።

ጽሕፈት ቤቱ ወደደኝ። ብሎጉ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ስለማይከፈት ጽሑፉን አትመህ አምጣ አሉኝ። አትሜ ወሰድኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉት። ያኔ አያ ደሴ ምን ብለው እንደነበር ትዝ ብሎኝ ትንሽ ደነገጥኩ። ግን ምን ቸገረኝ! ስሜ በትልቁ ተጽፏል።

እንግዲህ ኀጢአቴን ልናገር። አንድ ቀን ርዕስ ጠፋኝ። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ለሰኞ ስብሰባ ጽሑፍ ይፈልጋል። ምን ላድርግ? አያ ደሴን ጻፍኳቸው። "የአርሶ አደር ደሴ ማሳ ዘንድሮ በውሃ ሀብት ተንበሽብሿል" አልኩ። ውሸት ነው? አይደለም። ውሃው ሞልቶ ተርፎ እንደሆነ ማንም ሄዶ ያየዋል። ስለ ቱቦው ግን አንዲት ቃል የለችም።

ሰኞ ዕለት ስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። አያ ደሴም ከገበሬዎቹ ጋር ተጠርተው ኖሯል። እኔ አላወቅሁም። ቀና ስል ኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አየኋቸው። ተጨበጨበ። አጠገባቸው ያለው ሰው ጨብጦ "እንኳን ደስ ያለዎት" አላቸው።

ማምሻውን ደጁ ላይ አገኘኋቸው። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"መምህሬ፣ ያ ደሴ የምትለው ሰውዬ የት ነው ያለው?" አሉኝ። "ሀብታም ነው መሰለኝ። ሄጄ ትንሽ ሩዝ ልበደረው።"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ሶስና፣ ስለ አስናቀ ምክር ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ቀጥሎ የጠየቁኝ ነገር ከጉዳዩ ጋር ምንም የሚገናኝ አልመሰለኝም።

"አምና ገበያ አውጥቼ የሸጥሁት የትኛውን በሬ ነው?"

"ዳለቻን ነዋ" አልኳቸው። ዳለቻ ቀንበር ሲያይ የሚተኛ በሬ ነበር። ጭቃው ውስጥ ዘርፈጥ ካለ ሦስት ሰው አያነሳውም።

"ቦራንስ? ቦራን ሸጥሁት?"

"ኧረ ቦራ እንዴት ይሸጣል! ማን ያርስልዎታል?"

"እንግዲህ አንተ ልሂድ እያልህ እንደ ቦራ ታርሳለህ" አሉና ተነስተው ገቡ።

የገበሬ ቀልድ ነው ብዬ ተኛሁ። ተምሬያለሁና።

ወር አልሞላም፣ ኃላፊው አስጠሩኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ፀጉሬን ተበጥሬ፣ የሠርጌን ኮት ለብሼ ሄድኩ። ኃላፊው ተነስተው ጨበጡኝ። በወርቃማ ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ስለ ዝውውሩ ተናገሩ። ጥያቄዬን በአጽንኦት እንዳዩት ነገሩኝ። እንደኔ ያለ ብዕር ያለው ሰው ግን ለአካባቢው እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ መልቀቅ የማይታሰብ ነው አሉ። እኔን ከመልቀቅ ጽሕፈት ቤቱን ቢዘጉ ይቀላቸዋል። የባሕር ዳሩ ቦታ እንዳይባክንም ቢለቀቅ ሥራው የማይጎዳ ሰው ተፈልጎ ተገኝቷል።

ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ተዉት፣ አውቃችሁታል።

አስናቀ ሻንጣውን ሊሸክፍ ሲሄድ አገኘሁት። ማመልከቻውን ያስገባው መቼ ኖሯል መሰላችሁ? እኔን በመከረ በማግስቱ። ቆሽቴ አረረ። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። አቅፎ ስሞኝ፣ ባሕር ዳር ለቤተሰብ የሚላክ ነገር ካለህ ላድርስልህ አለኝ። የምስክር ወረቀቱን ላክሁለት ይመስላችኋል? አላክሁም። ለሶስና ብስኩት ላክሁ። ፀሐይ እንደነገረችኝ ልጅቷ አስናቀን "ሌላ እንግዳ መጣ" ብላ ነው የተቀበለችው።

በዚያ ንዴት ቁጭ ብዬ ስለ ቱቦው ጻፍኩ። ያለ ተግዳሮት፣ ያለ ርብርብ። ቱቦው ተደፍኗል። የአያ ደሴ ሩዝ እየበሰበሰ ነው። ሦስት ጊዜ ነግረዋል፣ ማንም አልሰማቸውም። የኔም የቀድሞ ጽሑፍ ቅጥፈት ነበር። አተምኩና ራሴ ሄጄ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ያባሩኝ! ያባሩኝና ባሕር ዳር ልግባ!

ኃላፊው በማግስቱ አስጠሩኝ። አልተቆጡም። እንዲያውም በርኅራኄ አዩኝ። ግንባሬን በእጃቸው ዳበሱ።

"አሞሃል እንዴ?" አሉኝ። "ይሄ ያንተ ጽሑፍ አይደለም። ደክመሃል።"

የሦስት ቀን ዕረፍት ጻፉልኝ።

ለአያ ደሴ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ሰፈር አሰማ። ቦራ አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ቢተኛ "ሰነፍ ነው" ብለው ሊሸጡት ነው እንዴ? ታሞ ነው ብለው ገለባ ያቀርቡለታል እንጂ! እኔም ገለባዬን ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዋልኩ። ተመልሼ መጣሁ። ሥራ ጀመርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ምን ልበላችሁ፣ ቱቦው እንደገና አሳመመኝ። ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ፣ ግንባሬ ተዳበሰ፣ ሦስት ቀን ተሰጠኝ። እንዲህ እንዲህ ስል ክረምቱ ተጋመሰ፤ ለኛ ክረምትም ማጠናከሪያ ትምህርትና ስብሰባ እንጂ ዕረፍት የለውም። በአራተኛው ሕመሜ በሩን ስከፍት ሶስና ወንበር አላቀረበችም። ሮጣ መጥታ እግሬን ያዘች።

"አባዬ መጣ!" አለች።

አለቀስኩ። ምን ይደበቃል! ወንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ፀሐይም ሳቀች፣ ከዚያ እሷም አለቀሰች።

ደስ ብሎኝ ወረታ ስመለስ አያ ደሴ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው በርቷል። በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ። ከዞን ጎብኚ ይመጣል ተብሎ፣ ጽሑፉም ሰሌዳው ላይ እንዳይታይ ተሰግቶ፣ ሰው ተልኮ ቱቦው ተጠርጓል። ውሃው ሄደ፣ የተረፈው ሩዝ ቀና አለ። ዕድሜ ላንተ፣ የጻፍኸው ሠራ አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? "እንኳን ደስ ያለዎት" አልኩ። ከልቤ ነው። ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ስል ግን ላብ አጠመቀኝ። ከእንግዲህ በምን ልታመም ነው?

እናም ወዳጆቼ፣ ቅድም ለማንም አትናገሩ ያልኳችሁን እርሱት። እኔ ራሴ ምክር ፈላጊ ሆኛለሁ። እናንተ ሰፈር የተደፈነ ነገር ካለ ቶሎ ጻፉልኝ። ብቻ በቀላሉ የሚጠረግ እንዳይሆን።